የዐባይ ገደልና እኛ የደጀን ልጆች



በዚህ መጽሔት በየዓመቱ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ መልካም ጠባይ ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። እኔ ግን የ12ኛ ክፍል ተማሪ እንደ መሆኔና ከዚህ ትምህርት ቤት ለመሰናበት ጥቂት ወራት ብቻ እንደ ቀሩኝ መጠን፣ ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ይቆጨኛል። ነገሩም ከትምህርት ቤታችን ብዙ ሳይርቅ ስላለው ስለ ዐባይ ሸለቆ ነው። አሳቤን በአጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ እኛ የደጀን ልጆች ከአፍሪካ ታላላቅ ሸለቆዎች በአንዱ አፋፍ ላይ እያደግን ሸለቆውን አናውቀውም፤ ስለማናውቀው አንወደውም፤ ስለማንወደውም ሲራቆት ዝም ብለን እናያለን እላለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ዓመት የሆነ አንድ ትንሽ ነገር ነው። አንድ ቀን ሦስት ሆነን በአፋፉ ላይ ቆመን ስንጫወት፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ አውቶቡስ ዳገቱን ጨርሶ ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ቆመ። መንገደኞቹም ወርደው በየስልካቸው ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመሩ። ከመካከላቸው አንድ ሽበታም ሰው ወደ እኛ ቀረብ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ያ ከላይ ጥቁር፣ ከመካከል ነጣ ያለ፣ ከታች ቀላ ያለ ሆኖ የሚታየው ድንጋይ ምንድን ነው? ስለ ምን እንደዚህ እንደ መደብ ተነባበረ?» ብለው ጠየቁን። ከጓደኞቼ አንዱ፣ «ገደል ነው አባባ!» ብሎ መለሰላቸውና ሁላችንም ሳቅን። ሰውየው ግን አልሳቁም። «ገደል መሆኑንማ እኔም አየሁት» ብለው ወደ አውቶቡሱ ተመለሱ።

እኔ በዚያ ሌሊት ዕንቅልፍ አልወሰደኝም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተምሬ፣ የሌላውን አገር ተራራና ወንዝ ስም በቃሌ እያነበነብሁ፣ ከደጄ ስላለው ገደል የማውቀው «ገደል ነው» የሚለውን ብቻ መሆኑ አሳፈረኝ። በማግስቱም ወደ ጂኦግራፊ መምህራችን ሄጄ ጠየቅሁ፤ ከዚያ ወዲህ የሰበሰብሁትን ጥቂት ነገር ለናንተ ላካፍል እወዳለሁ።

በመጀመሪያ ስለ መልኩ ልናገር። ውበቱን ሁላችንም እናየዋለን፤ ግን እንደ ለመድነው ነገር ሁሉ ልብ አንለውም። በክረምት ጧት ከአፋፉ ላይ ሲቆሙ ሸለቆው ከዳር እስከ ዳር በደመና ይሞላል፤ በጎሐ ጽዮን በኩል ያለው ማዶም ከነጭ ባሕር ማዶ የሚታይ ሌላ አገር ይመስላል። ፀሓይ ስትሞቅ ደመናው ቀስ በቀስ ይነሣና መጀመሪያ የገደሉ ከንፈር፣ ቀጥሎ እንደ ደረጃ የወረዱት እርከኖች፣ በመጨረሻም ከሁሉ በታች ዐባይ ይታያል። በመስከረም አፋፉ በዐደይ አበባ ቢጫ ይሆናል፤ ከሥሩ ግን ያው ጭው ያለ ገደል ነው። ማታ ደግሞ የሚወርዱትና የሚወጡት የጭነት መኪናዎች መብራት እንደ ክር እየተጠማዘዘ ሲሄድ ማየት ለዐይን የሚያስደስት ነገር ነው።

የደጀን ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። ከሥር ያለው ድልድይ ግን 1,000 ሜትርን በጥቂት የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ ከቤታችን ተነሥቶ ወንዙ ዘንድ ለመድረስ ከ1,300 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት መውረድ ያስፈልጋል። መኪናው ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጠማዘዘው ማዶው ሩቅ ስለ ሆነ ሳይሆን ገደሉ ጥልቅ ስለ ሆነ ነው።

እኔ ከሁለት ዓመት በፊት ከታላቅ ወንድሜ ጋር በእግሬ ወርጃለሁ። ስንነሣ ጋቢ ለብሰን ነበር፤ እኩሌታውን ስንወርድ ጋቢያችንን በትከሻችን አደረግን፤ ከታች ስንደርስ የለበስነው ሸሚዝ እንኳ ከበደን። በአንድ ቀን ጉዞ ከጤፍ አገር ወደ ማሽላ አገር፣ ከደጋ ነፋስ ወደ በረሃ ወበቅ ተሻገርን። በገደሉ ወገብ ላይ ዝንጀሮዎች ልጆቻቸውን አዝለው ሲሄዱ፣ ሽኮኮዎች በድንጋይ ላይ ፀሓይ ሲሞቁ አየን። ጥንብ አንሣዎቹንም ከላይ ሳይሆን ከበታቻችን ሲያንዣብቡ አየናቸው፤ ወፍን ከጀርባዋ ማየት ምን እንደሚመስል ያወቅሁት በዚያን ቀን ነው። ዐባይን ሳናየው አስቀድመን ድምፁን ሰማነው። ከአፋፉ ሲያዩት የተጣለ ክር ይመስላል፤ ከአጠገቡ ሲቆሙ ግን ሰው ራሱ ክር መስሎ ይሰማዋል።

አሁን ወደ ሽበታሙ ሰው ጥያቄ ልመለስ። ከወንዙ አጠገብ የሚታየው ቀላ ያለው ድንጋይ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ከሱ በላይ የደለል ጭቃና የጀሶ ድንጋይ እየተፈራረቁ የተነባበሩበት ክፍል አለ፤ የድንጋይ ሊቃውንት ይህን ክፍል በጎረቤታችን ከተማ ስም «ጎሐ ጽዮን» ብለው ይጠሩታል። ከዚያ በላይ ያለው ነጣ ያለ ገደል የኖራ ድንጋይ ነው። ይህም ከ100 ሚሊዮን ዓመት በሚበልጥ ጊዜ በፊት አገራችን የባሕር ወለል በነበረች ጊዜ የተጠራቀመ ነው። በመጨረሻ ከላይ የደፋበት ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ እየፈላ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከዚያም ወዲህ አገሩ ከፍ እያለ ሲሄድ ወንዙ ወደ ታች እየቈረጠ ይህን ሁሉ ገለጠው። እንግዲህ ገደላችን የምድርን ታሪክ ከታች ወደ ላይ የሚያነቡበት ሰሌዳ ነው ማለት ይቻላል። ለዚያ ሽማግሌ መመለስ የነበረብን ይህን ነበር።

እኛ ባናውቀውም ሌሎች ከሩቅ አገር እየመጡ ሊያውቁት ደክመዋል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን የሚባለው ሰው የዐባይን ሸለቆ በእግርና በበቅሎ እየዞረ መረመረ፤ ስለ ጣናና ስለ ዐባይ የጻፈውንም መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1936 አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1968 ክረምት ደግሞ ብላሽፎርድ-ስኔል የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን የመራው ጓድ በሞላው ወንዝ ላይ በጀልባ ተጓዘ፤ ከጓዱም አንዱ በዚያ ጉዞ ሕይወቱን አጣ። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ሊያየው ሕይወቱን ሲሰጥ፣ እኛ ለግማሽ ቀን መንገድ ጫማችንን ማሰር ከበደን።

የራሳችንም ታሪክ ቢሆን በዚሁ ገደል ውስጥ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጠላት ወረራ ዘመን በላይ ዘለቀንና ሌሎቹን የጎጃም አርበኞች የዐባይ በረሃ ደብቋቸዋል፤ ታንክ የማይወርድበት ገደል ለባዶ እግር ሰው ምሽግ ሆኖታል። ዛሬም በ2001 ዓ.ም. ዐዲስ ዓመት ሰሞን የተመረቀው፣ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራውና 303 ሜትር ርዝመት ያለው የኅዳሴ ድልድይ ከአሮጌው ድልድይ ጎን ለጎን ቆሞ ጎጃምንና ሸዋን ያገናኛል። ሁለቱን ድልድዮች ቆም ብሎ አስተያይቶ የሚያይ ተማሪ ግን ከመካከላችን ስንት ነው?

ይህን አሳቤን ለጓደኞቼ በነገርኋቸው ጊዜ ሁሉም አልተስማሙም። አንዱ፣ «ውበት እንጀራ አይሆንም። ገደሉ ለእኛ ወባ ነው፤ የሚናድ መንገድ ነው፤ ፍሬኑ የተበጠሰበት መኪና ነው። ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚሄድ ሰው ነው ቆንጆ የሚለው» አለኝ። ይህ ቃል እውነት ስላለበት በቀላሉ አልጥለውም። በዚያ ቁልቁለት ሾፌር ዘመዱን ያጣ ሰው ብዙ ነው። በክረምት መሬቱ እየተንሸራተተ መንገዱን ይሰነጥቀዋል። ከበረሃ ወርዶ ማሽላ ሲጠብቅ የሰነበተ ገበሬ በወባ እየተንቀጠቀጠ ሲወጣ እኔም አይቻለሁ። ገደሉ ቆንጆ ነው ስል ቸር ነው ማለቴ አይደለም።

ነገር ግን ጓደኛዬ «እንጀራ አይሆንም» ያለው ላይ አልስማማም። እንጀራው የሚመጣው ከአፋፉ አፈር ነውና። አጎቴ በልጅነቴ በሬዎቹን ያዞርበት የነበረው የማሳው ድንበር ዛሬ ቦታው የለም፤ በየክረምቱ እየተናደ ወደ ገደሉ ወርዷል። ዘንድሮም አንድ ጥግ ተሰንጥቆ ይታያል። አጎቴ ድንጋይ ደርድሮ ሊይዘው ይሞክራል፤ ነገር ግን ውሃው የሚመጣው ከሱ ማሳ በላይ ከተራቆተው መሬት ስለ ሆነ ብቻውን አልቻለውም። ተዳፋቱ ግራርና ወይራ በነበረበት ጊዜ ዝናሙ በቅጠልና በሥር እየተያዘ ቀስ ብሎ ይወርድ እንደ ነበር ሽማግሌዎች ይናገራሉ። ዛሬ አንድ ሰዓት በዘነመ ቁጥር ጎርፉ እንደ በሬ እያጓራ ይወርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ወንዙን የምናየው ጠቍሮ ቡና መስሎ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር ግዴታዬ ነው፤ ይህን ሳልናገር ሌላውን ብወቅስ ግብዝ እሆናለሁና። እኔ የገጠር ልጅ ነኝ። በከተማው ውስጥ ቤት ተከራይቼ እማራለሁ፤ ስንቄን በየሳምንቱ የሚያመጣልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ካረፉ ወዲህ የቤት ኪራዬም፣ ደብተሬም፣ የደንብ ልብሴም የተገዛው ወንድሜ ከገደሉ ወገብ ግራር ቈርጦ ባከሰለው ከሰል ነው። እሱ 7ኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱን የተወው እኔ እንድማር ብሎ ነው። ስለዚህ ገደሉ ተራቆተ ብዬ ስጽፍ፣ ከተቈረጡት ዛፎች ስንቶቹ ወደ እኔ ደብተር እንደ ተለወጡ ዐውቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ ይህን ለመንገር አፈርሁና በዘወርዋራ፣ «አያ፣ ያ ከምንጩ በላይ የነበረው ትልቁ ግራር አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም አለና፣ «አንተ ስምንተኛ ክፍል የገባህ ጊዜ ነው የሄደ» አለኝ። ከዚያም ኬሻውን ከአህያው ላይ እያወረደ፣ «እኔ ዛፉን ጠልቼው ይመስልሃል? በጥላው ስንቴ ተኝቼበታለሁ። ሌላ መላ ካለ አንተ ተምረሃል፣ ንገረኝና እተወዋለሁ» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የዛሬው ጽሑፌ ለዚያ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የሚደረግ ሙከራ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

የአገራችን ሰው ስለ ዐባይ ሲተርት፣ ማደሪያ የለውም፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይላል። አሁን ግን ማደሪያ አግኝቷል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው የታላቁ የኢትዮጵያ ኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። መምህራኖቻችን ከደመወዛቸው፣ ወላጆቻችን ከጤፋቸው ሽያጭ፣ እኛም ከኪሳችን ሳንቲም አዋጥተን ቦንድ ገዝተንበታል። ግድቡ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል ይባላል፤ ይህም የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ዐባይ ወደ ማደሪያው ባዶ እጁን አይሄድም። ከሰከላ ከግሽ ዐባይ ተነሥቶ፣ ጣናን አልፎ፣ ጢስ ዐባይን ወርዶ፣ ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ ጉባ እስኪደርስ ድረስ፣ እሱም ገባሮቹም የየመንደሩን አፈር ይዘው ይሄዳሉ። የአጎቴ ማሳ ጥግም በዚያ ውስጥ ነው። ባዋጣነው ገንዘብ በሠራነው ግድብ ውስጥ በቸልተኝነታችን የለቀቅነውን አፈር ስናጠራቅም ብንኖር፣ በአንድ እጅ ሰጥተን በሌላው መልሰን ወሰድን ማለት አይደለምን?

ስለዚህ በበኩሌ የሚከተሉትን አሳቦች ለትምህርት ቤታችንና ለወላጆቻችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በየዓመቱ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ቀዝቃዛ ወራት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር አንድ ቀን በእግር ወደ ሸለቆው ይውረዱ። የጂኦግራፊው ተማሪ ድንጋዩን፣ የባዮሎጂው ዛፉንና አውሬውን፣ የታሪኩ የአርበኞችን መሸሸጊያ፣ የፊዚክሱ ድልድዩን ይመልከት። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ስንቅ፣ ውሃና ፈቃድ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ በትምህርት ቤታችን አንድ መደርደሪያ ይሰጠንና ከአራቱ የድንጋይ ዓይነቶች ከየእያንዳንዱ አንዳንድ ይቀመጥበት፤ ስሙና ዘመኑም ይጻፍበት። ሌላ ጊዜ መንገደኛ ቢጠይቀን እየሳቅን እንዳንቀር ይረዳናል።

ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ከገደሉ አፋፍ አንዲት ቦረቦር ብቻ ይረከብ። ከላይዋ እርከን እንሥራ፤ ግራር፣ ወይራና ዋንዛ እንትከልባት፤ ከከብት እንከልላት። «ብዙ ዛፍ ተከልን» ብሎ በሪፖርት ከመጻፍ፣ በአንዲት ቦረቦር የተተከሉትን ጥቂቶች ውሃ እያጠጡ ማሳደግ ይሻላል። በየክረምቱ የምንተክላቸው ችግኞች በበጋ የሚደርቁት ከተተከሉ በኋላ ተመልሶ የሚያያቸው ስለሚጠፋ ነው።

አራተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ከሰል የሚያከስለውን ሰው ሌባ ብለን አንጥራው። እሱ ከሁላችንም ይልቅ ገደሉን የሚያውቅ ሰው ነው፤ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይደርቅ፣ ንብ የት እንደምትሰፍር፣ ድንጋዩ የት እንደሚናድ ያውቃል። ወላጆቻችንና የግብርና ባለሙያዎች ተመካክረው፣ ገደሉ በተከለለበት ቦታ ቀፎ እንዲሰቅልና ማር እንዲሸጥ ቢረዱት፣ ዛፉ ቆሞ የሚያበላው ከሆነ ራሱ ይጠብቀዋል። ዛፉ ወድቆ ብቻ የሚያበላው ከሆነ ግን በማስፈራራት የሚቆም አይደለም። እኛ የከተማው ሰዎችም በየምድጃችን ያለው ከሰል ከየት እንደ መጣ ሳንጠይቅ ቡና እያፈላን ጫካ ጠፋ ብለን ብንጮኽ ማን ይሰማናል?

እነዚህ ሁሉ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። በአንድ ዓመት የገደሉን መልክ እንደማይለውጡም ዐውቃለሁ። ነገር ግን «የዐባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት በእኛ ላይ እንዳይፈጸም የሚያሳስበኝ በውሃው ብቻ አይደለም፤ በዕውቀቱም ጭምር ነው። ለመተዋወቅ ደግሞ አንድ ሰው መጀመር አለበት።

ይህን ጽሑፍ ከማብቃቴ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ወር ወንድሜ ስንቅ ሲያመጣልኝ ከኬሻው ውስጥ አንድ ነጣ ያለ ድንጋይ አወጣና፣ «ያ የምትጠይቀኝ ነገር ይህ ነው መሰለኝ» ብሎ ሰጠኝ። ባየው የዛጎል መልክ በግልጽ ታትሞበታል፤ ባሕሩ ከሄደ ከስንት ዘመን በኋላ ዛጎሉ በወንድሜ ኬሻ ከከሰል ጋር ወደ ትምህርት ቤት መጣ። እንዲህ ያለው ድንጋይ የሚገኝበትን ቦታ እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀው ኖሯል፤ የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ብቻ አልተናገረም።

ያን ድንጋይ ለመምህራችን አስረክቤያለሁ። መደርደሪያው ከተሠራ የመጀመሪያው እሱ ይሁን። በአጠገቡም የእኔ ስም ሳይሆን የወንድሜ ስም እንዲጻፍ፣ የፊታችን ጥቅምት ወደ ሸለቆው የሚወርዱት ተማሪዎችም መንገዱን እሱን እንዲጠይቁ፣ ተሰናባች እንደ መሆኔ በትሕትና እለምናለሁ።